የእማዬ ዕቁብና የወንድሜ ኪቦርድ

ስቴጅ ፒያኖ ወይስ ኪቦርድ? ከአዲስ አበባ ሱቆች እስከ ኦሞ ወንዝ ዳር የወሰደን የግዢ ጉዞ

ባለፈው ዓመት እናታችን ዕቁብ ደረሳት። ጂንካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያስተማረች መምህርት ናት፤ ያን ብር ስትጠብቅ የኖረችው የቤቱን ጣሪያ ለመቀየር ነበር። ዕጣው ሲወጣ ግን ሐሳቧን ለወጠች። «ጣሪያው አንድ ክረምት ይታገሠኛል፤ ልጁ ግን በዚያች መጫወቻ በምታክል ዕቃ እስከ መቼ ሊሠራ ነው?» አለችኝ በስልክ።

ልጁ የምትለው ታናሽ ወንድማችንን ነው። የሚተዳደረው በኪቦርድ ነው፤ ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በሰኔ ምረቃ፣ በመሃል ደግሞ ሆቴል። እኔ አዲስ አበባ በማርኬቲንግ ባለሙያነት ስለምሠራ የግዢው ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ። ሙዚቃ አላውቅም። የማውቀው ሰው አንድን ዕቃ ለምን እንደሚገዛና ሻጭ የትኛውን ጥያቄ እንዳይጠየቅ እንደሚፈልግ ነው። ያም ቢሆን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀብድ ልከፍል ደርሼ የነበረው ለወንድሜ ሥራ በማይሆን መሣሪያ ላይ ነበር።

ወንድሜ በቴሌግራም የላከልኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ቀዩ ኖርድ ስቴጅ። በቴሌቪዥንም በዩቲዩብም ትልልቅ ባንዶች ሲጫወቱ ከተመለከቱ ያንን ቀይ የስዊድን ሥራ አይተውታል። ዋጋውን ስጠይቅ ሻጩ መጀመሪያ ወንበር ሰጠኝ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ፣ ከውጭ የሚገባ የሙዚቃ መሣሪያ ዋጋ መጠየቅ በራሱ ድፍረት ይፈልጋል። «እሺ፣ እሱን ይተዉት» አለኝና 88 ቁልፍ ወዳለው ጥቁር ዲጂታል ፒያኖ ወሰደኝ። «ይኼ እውነተኛ ፒያኖ ነው። ኪቦርድ የልጆች ነው፤ ባለሙያ የሚገዛው ይኼንን ነው።» ዋጋው ከዕቁቡ ብር ጋር ይቀራረባል። ቁልፉን ነካሁት፤ ከበድ ያለ፣ የሚያኮራ ነገር አለው። «ባለሙያ የሚገዛው» የምትለዋን ቃል እኔም በሥራዬ ስንት ጊዜ ተጠቅሜባታለሁ! ሠርታብኝ ነበር።

ያዳነኝ ፋሲካ ነው። ለበዓል ጂንካ ስወርድ ወንድሜ ዱስ ሥራ እንዳለው ነገረኝና አብሬው ሄድኩ።

ከዚያ በፊት ግን ሱቅ ውስጥ ግራ ያጋባኝን ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር ሁሉንም «ኪቦርድ»፣ ታላላቆቻችን ደግሞ «ኦርጋን» ስለምንላቸው አንድ ዓይነት ዕቃ ይመስሉናል። አይደሉም።

ስቴጅ ፒያኖ የሚባለው ለመድረክ የተሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 88 ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ እንደ እንጨቱ ፒያኖ መዶሻ ያላቸው ያህል ይከብዳሉ። የፒያኖና የድሮዎቹን የኤሌክትሪክ ፒያኖዎች ድምፅ በጥራት ያወጣል። ብዙዎቹ የራሳቸው ስፒከር የላቸውም፤ ከበሮና ቤዝም አይጫወቱልዎትም፤ ያንን የሚሠራ ሌላ ሰው ከጎንዎ አለ ብለው ነው የተሠሩት። ኖርድ ስቴጅና የያማሃ ሲፒ88 እዚህ ይመደባሉ። የኋለኛው 18.6 ኪሎ ይመዝናል፤ ቦርሳውና መቆሚያው ሳይጨመር።

ሻጩ ያሳየኝ ጥቁሩ መሣሪያ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ዲጂታል ፒያኖ ይሉታል። ያማሃ ፒ-145፣ ሮላንድ ኤፍፒ-30ኤክስ፣ ካሲዮ ሲዲፒ-ኤስ110 የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ከባድ ቁልፍም ስፒከርም አላቸው። በዋናነት የታሰቡት ግን ለቤትና ለትምህርት ነው። ለምሳሌ ፒ-145 ወደ ሚክሰር የሚወጣ የራሱ መስመር የለውም፤ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ አዙሮ ማውጣት ግድ ይላል።

ሦስተኛው አሬንጀር ኪቦርድ ነው። በግራ እጅዎ አኮርድ ሲይዙ ከበሮውን፣ ቤዙንና ጊታሩን ራሱ ይከተልልዎታል፤ ያ አጃቢ «ስታይል» ይባላል። ብዙውን ጊዜ 61 ቀላል ቁልፍና የራሱ ስፒከር አለው። ከትንሿ ያማሃ ፒኤስአር-ኢ373 ጀምሮ እስከ ፒኤስአር-ኤስኤክስ900ና የኮርግ ፒኤ ተከታታይ ድረስ ዋጋውም ችሎታውም እጅግ ይራራቃል። በየክፍለ ሀገሩ ሠርግ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ባንድ ሆኖ ሲጫወት ካዩ፣ ከፊቱ ያለው ይኼ ነው።

ሲንተሳይዘር የሚባል አራተኛ ወገን አለ፤ ሮላንድ ጁኖ-ዲኤስ61ን የመሰለ። ቀላል፣ ድምፁ ብዙ፣ ስፒከር የሌለው። በባንድ ውስጥ ለሚሠራ ልጅ ግሩም ነው፤ ለወንድሜ ግን ገና ከመነሻው ስላልታሰበ አልፈዋለሁ።

ወደ ዱስ

ከጂንካ ወደ ዱስ የምንሄደው በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ አድርገን ነው። ሐሙስ ስለነበር ቀይ አፈር ገበያው ሞልቶ መኪናችን እንደ ኤሊ ነበር የሄደችው። ከቱርሚ ወዲያ ሙቀቱና አቧራው የመኪናውን መስኮት «ክፈት፣ ዝጋ» እያሰኘ ያደርሳል። ዱስ የካራ ሕዝብ መንደር ናት፤ ከኦሞ ወንዝ በስተምሥራቅ ዳርቻ፣ ከሌቡክና ከቆርቾ ጋር የምትጠራ። ካራዎች ከአገራችን በቁጥር ትንንሽ ከሆኑት ሕዝቦች አንዱ ናቸው፤ ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው በነጭ ኖራ በሚሣሉት የሰውነት ጌጥ ነው።

የጠራን እዚያ ተመድቦ የሚሠራ የወንድሜ ጓደኛ ነው፤ ጂንካ ተጋብቶ ከሙሽራዋ ጋር ወደ ሥራው ቦታ ሲመለስ ለባልደረቦቹና ለጎረቤቶቹ ድግስ አዘጋጅቶ ነበር። ጄኔሬተር ተከራይቷል፤ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮችም ከቱርሚ መጥተዋል። ወንድሜ ያችን እማዬ የምትንቃትን ኢ373 ይዞ ነበር። ክብደቷ 4.6 ኪሎ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ ነበረች።

ድግሱ በተጀመረ በአንድ ሰዓት ገደማ ጄኔሬተሩ ሳል ብጤ አሰማና ቆመ። መብራት ጠፋ፣ ስፒከሮቹ ጸጥ አሉ። እኔ ደነገጥኩ፤ ወንድሜ ግን ከቦርሳው ስድስት ትንንሽ ባትሪዎች አውጥቶ በስልክ መብራት ኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ደረደራቸው። ቻርጅ የምትደረግ የእጅ ስፒከሩን አገናኘ፤ ቀጠለ። የኢ373 የራሷ ስፒከሮች እያንዳንዳቸው 2.5 ዋት ብቻ ናቸው፤ ያለዚያች የእጅ ስፒከር ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የሚሰማው አልነበረም።

ከዚያ ያልጠበቅነው ሆነ። የመንደሩ ወጣቶች መዝፈን ጀመሩ፤ በጭብጨባና በእግር ምት፣ አንዱ እየመራ ሌላው እየተቀበለ። ወንድሜ ስታይል አስነስቶ ሊያጅባቸው ሞከረ። አልሆነም። ማሽኑ ፍጥነቱን አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ እነሱ ደግሞ ሲግሉ ይፈጥናሉ፣ መሪው ትንፋሽ ሲስብ ያዘገማሉ። ሁለት ጊዜ ተጋጨ፤ አንዲት ልጅ ሳቀችበት። በመጨረሻ ስታይሉን አጠፋውና በግራ እጁ ቤዝ ብቻ፣ በቀኝ እጁ ጥቂት ድምፅ እየጨመረ ተከተላቸው። ያኔ ገጠመ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ድረስ ያለ ከበሮ፣ ያለ መብራት ተጫወተ።

ማደሪያችን ገብተን «ታዲያ ያ 88 ቁልፍ ያለው ፒያኖ ቢሆን ኖሮ?» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና «በምን አመጣው ነበር?» አለኝ።

ጥያቄው ይኼ ነው። ሱቅ ውስጥ ያነጋገርኳቸው ሁሉ የድምፁን ጥራት ሲያወዳድሩልኝ ነበር። የሚሠራበትን ቦታ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

መሸከሙ

ፒ-145 11.1 ኪሎ ነው፤ ኤፍፒ-30ኤክስ 14.8 ኪሎ። ቁጥሩ አያስፈራም ይሆናል። ችግሩ ርዝመቱ ነው። ፒ-145 ከ132 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ጂንካ ውስጥ ወንድሜ ወደ ሥራ የሚሄደው በባጃጅ ስለሆነ፣ ይኼ ዕቃ በኋላው ወንበር አግድም ቢቀመጥ ጫፉ በር አልፎ ይወጣል። 61 ቁልፍ ያለው ግን ከ95 እስከ 102 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ይገባል። አዲስ አበባ በራስዎ መኪና የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ይህ አንቀጽ አይመለከትዎትም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩና ሊፍቱ የማይሠራ ከሆነ ግን መልሰው ያንብቡት።

መብራቱ

ሁለተኛው መብራት ነው። በባትሪ የሚሠራና የማይሠራ መሣሪያ መለየት የገዢ ሥራ ነው፤ ሻጭ በራሱ አያነሳውም። ኢ373 በስድስት ትንንሽ የእጅ ባትሪ መብራት ባትሪዎች ትሠራለች። ካሲዮ ሲዲፒ-ኤስ110ም፣ 88 ከባድ ቁልፍ ይዞ፣ እንዲሁ በስድስት ባትሪ ይሠራል፤ ይኼ ያልጠበቅኩት ነበር። ፒያኖ የሚወድና መብራት የማያስተማምንበት አካባቢ ላለ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። ጁኖ-ዲኤስ61 ስምንት ባትሪ ይወስዳል። ትልልቆቹ ኤስኤክስ700ና ኤስኤክስ900 ግን ያለ ኤሌክትሪክ አይሠሩም።

ኪቦርድ በባትሪ መጫወትን የምንንቅ ካለን የኃይሉ መርጊያን ታሪክ እናስታውስ። በዋሊያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወቱ የነበሩት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮናቸውን ከሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግና ከያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘር ጋር አዋሕደው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ። ዲኤክስ7 ያኔ ገበያ ላይ ከዋለ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ፤ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ እያወጡ ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው ጣታቸው አልዛገም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»ን አዲስ አድርገው አወጡ።

ባትሪ የማይወስድ መሣሪያ ከገዙ ከኮምፒውተር ጋር የምንጠቀምበትን ዩፒኤስ አብረው ይግዙ። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ትልቅ ኪቦርድ ጠፍቶ እስኪነሣ የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፤ ሙሽሮች ሊገቡ ሲሉ ግን ዘላለም ነው። ጄኔሬተር ላይ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። አዳፕተር ሲጠፋ «ቮልቱ አንድ ነው» ተብሎ ሌላ መሰካት የተለመደ ስሕተት ነው። አዎንታዊው በመሃል የሚሆንበትም በውጭ የሚሆንበትም አለ፤ ከመሣሪያው ጀርባ ያለውን ትንሽ ሥዕል ከአዳፕተሩ ጋር ሳያመሳክሩ እንዳይሰኩ። ከመኪና ባትሪ በቀጥታ መቀጠልም እንዲሁ አደጋ አለው፤ ሞተሩ ሲነሣ ከ12 ቮልት በላይ ይሰጣል።

ትዝታን የሚያወዛውዘው ተሽከርካሪ

ሙዚቃ አላውቅም ብያለሁ፤ ይኼን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። የእኛ ዘፈን ድምፅን ቀጥ አድርጎ አይተወውም። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ ያንሸራትታል፣ ዋሽንት ያጠማዝዛል፣ ዘፋኝም እንዲሁ። ፒያኖ ግን ቁልፉን ሲጫኑት የሚወጣው ድምፅ ያው ነው። በኪቦርድ ትዝታን ወይም አንቺ ሆዬን «እንዲያለቅስ» የሚያደርገው በግራ በኩል ያለችው ፒች ቤንድ የምትባል ተሽከርካሪ ወይም ዘንግ ናት።

አሁን ልብ ይበሉ። ያ «ባለሙያ የሚገዛው» የተባለው ጥቁር ፒያኖ ፒች ቤንድ የለውም። ፒ-145 የለውም፣ ኤፍፒ-30ኤክስም የለውም። ኢ373ም የላትም፤ ወንድሜ ዓመታት ሲያማርር የነበረው በዚህ ነው። ከእሷ ከፍ ያለችው ፒኤስአር-ኢ473 ግን አላት፤ ክብደቷ 7 ኪሎ ሆኖ ወደ ሚክሰር የሚወጣ መስመርና ማይክሮፎን መሰኪያም ጨምራለች። ብዙ ብር ለሌለው ጀማሪ የሠርግ ተጫዋች ከአዲስ ዕቃ መካከል ይኼን የሚያህል አላገኘሁም።

ስታይሉም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከፋብሪካው ጋር የሚመጡት ዋልትዝ፣ ቦሳ ኖቫ፣ ዲስኮ ናቸው፤ የእኛን ችክችካ እዚያ ውስጥ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ተጫዋቾቻችን ራሳቸው ይሠሩና በፍላሽ ይቀባበሉታል። ስለዚህ መሣሪያው የፍላሽ መሰኪያ ያለውና የውጭ ስታይል የሚቀበል መሆን አለበት። ኢ373 የፍላሽ መሰኪያ የላትም፤ ኢ473 አላት። የኤስኤክስ ተከታታዮች ላይ ደግሞ እዚያው መሣሪያው ላይ ስታይል መሥራት ይቻላል።

የአንዳንዶቹ ትልልቅ አሬንጀሮች ሌላ ጥቅም የየድምፁን ቅኝት ለብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ መቻላቸው ነው። ዓላማው መጀመሪያ ለዐረብ ሙዚቃ ነበር፤ ከማሲንቆና ከክራር ጋር አብሮ ለሚጫወት ሰው ግን እንደ እኛ የታሰበ ይመስላል።

ታዲያ ፒያኖው ለማን ነው?

ስቴጅ ፒያኖን አጣጥዬ እንዳልታይ። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤዝና ከድራም ተጫዋች ጋር በየሳምንቱ አንድ ቤት የሚሠራ ሰው ስታይል አያስፈልገውም። እንዲያውም ማሽኑ ከሰው ድራመር ጋር ይጣላል፤ ዱስ ላይ ያየሁት ያንን ነው። እንዲህ ላለ ተጫዋች የጣቱን ኃይል የሚከተል ከባድ ቁልፍ፣ ጥሩ የሮድስ ድምፅና በሁለት መስመር የሚወጣ ድምፅ ይበልጥበታል። ሮላንድ አርዲ-88 በዚህ ረገድ አስታራቂ ነው፤ ባለ 88 ከባድ ቁልፍ ሆኖ 13.5 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፣ የራሱ ስፒከርና ፒች ቤንድም አለው።

ልጃቸው ፒያኖ እንዲማር ለሚፈልጉ ወላጆችም መልሱ ከባዱ ቁልፍ ነው። መጋቢት 2015 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የተዉልንን ሥራ ያዳመጠ፣ አንዱን ቁልፍ በቀስታ ሌላውን በኃይል መጫን ምን እንደሚያወጣ ይረዳዋል። ያንን በቀላል ቁልፍ የለመደ ጣት በኋላ ትክክለኛ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ይዝላል። ለመጀመሪያው ዓመት፣ ልጁ መውደዱ እስኪታወቅ፣ 61 ቁልፍ ያለው በቂ ነው። ግን ቁልፉ የጣትን ኃይል የሚለይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በቀስታም በኃይልም ሲጫኑት አንድ ዓይነት የሚጮኸውን አይግዙ።

ተቃራኒውም እውነት ነው። በኦርጋንና በብራስ ድምፅ ፈጣን ነገር የሚጫወት ሰው ከባድ ቁልፍ ላይ ክንዱ ይደክማል። አራት ሰዓት የሚፈጅ ሠርግ ላይ ቀላል ቁልፍ ስንፍና አይደለም።

ሒሳቡ

ቢዝነስ የተማርኩት ለዚህ ቀን ነበር ማለት ነው። ከዱስ እንደተመለስን በጂንካ ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን የወንድሜን የአንድ ዓመት ሥራ በደብተር ዘረዘርን። ብዙ ሰው የመሣሪያውን ዋጋ ከኪሱ ጋር ያወዳድራል። እኔ ያወዳደርኩት ከሥራው ጋር ነው። ለምሳሌ ያህል ልበል፦ አንድ መሣሪያ 150,000 ብር ቢያወጣና ትራንስፖርትና ረዳት ተከፍሎ ከአንድ ሥራ 5,000 ብር ቢተርፍ፣ ዋጋውን የሚመልሰው በ30 ሥራ ነው። 300,000 ብር የሚያወጣው በ60። ጥያቄው ውዱ መሣሪያ በአንድ ሥራ የሚከፈለውን ይጨምራል ወይ ነው። ጂንካ ውስጥ ደጋሹ ለኖርድ ብሎ የሚጨምረው ብር የለም። ለጥሩ ድምፅ፣ ሳይቋረጥ ለሚያልቅ ድግስ ግን ይጨምራል፤ ለሌላ ሰውም ይናገራል።

ወራቱም እኩል አይደሉም። በእኛ አካባቢ ጥር ሲገባ ሠርግ ይበዛል፣ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ፤ በዐቢይ ጾም የኦርቶዶክሱ ሠርግ ይቆማል፤ ክረምት ላይ መንገዱ ራሱ ይከለክላል። ስለዚህ 30 ሥራ ማለት 30 ሳምንት ማለት አይደለም። ወንድሜ ይኼን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዩን ፎቶ ከስልኩ የፊት ገጽ ላይ አነሣው። ትንሽ አሳዘነኝ።

ዋጋው ሲታሰብ ደግሞ የኪቦርዱ ብቻ አይደለም። መቆሚያው፣ ጠንካራ መያዣው፣ ፔዳሉ፣ ሁለት ረጃጅም ኬብል፣ ዩፒኤሱ። በጀትዎን ሁሉ መሣሪያው ላይ ጨርሰው ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከጫኑት፣ በቀይ አፈር መንገድ ላይ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

ያገለገለ ሲገዙ

ከዓመታት በፊት ለወንድሜ የመጀመሪያውን ኪቦርድ ያገለገለ ነበር የገዛነው። አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ። ሻጩ በፍጥነት ሁለት ዘፈን ተጫወተልን፤ ድንቅ ነበር። ጂንካ ደርሶ ሲከፈት መሃል ላይ ያለ አንድ ቁልፍ ድምፅ አያወጣም፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ ምንም በቀስታ ቢነኩት ይጮኻል። ሻጩ ሁለቱን ቁልፎች እያለፈ ነበር የተጫወተው! ለመመለስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ስለነበረብን ዝም አልን።

ያ ብልሽት ከየት እንደሚመጣ አሁን አውቃለሁ። በየቁልፉ ሥር የሚጫን ላስቲክ አለ፤ አቧራ ሲገባበት ወይም ሲያረጅ ቁልፉ ይደነቁራል ወይም ኃይልን መለየት ያቅተዋል። በአልኮል ማጽዳት ወይም ላስቲኩን መቀየር ይቻላል፤ የሚሠራው ባለሙያ ግን በየከተማው የለም። ስለዚህ ያገለገለ ሲገዙ ዘፈን አያስጫውቱ። ራስዎ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ እያንዳንዱን ቁልፍ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በኃይል ይጫኑ፤ ሙዚቃ ማወቅ አያስፈልግም። ከዚያ በሁሉም መሰኪያ ድምፅ ያስወጡ፣ ፍላሽ ይሰኩ፣ ፒች ቤንዱን ነክተው ሲለቁት ወደ ቦታው መመለሱን ይስሙ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይጠፋ ይቆይ፤ ሲሞቅ የሚታይ ችግር አለ። የሚቸኩል ሻጭ ካጋጠመዎት መልሱን ሰጥቶዎታል። ቤት ገብቶም በማይሠራበት ሰዓት በጨርቅ ይሸፈን፤ በቆላ አቧራ ይኼ ከፋብሪካው ዋስትና ይበልጣል።

የገዛነው

በመጨረሻ የገዛነው ያገለገለ ፒኤስአር-ኤስኤክስ700 ነው። 61 ቁልፍ፣ 11.5 ኪሎ፣ ጆይስቲክ ያለው፣ ማይክሮፎን የሚቀበል፣ በየጎኑ 15 ዋት ስፒከር። ለቤት ውስጥ ምረቃና ለትንሽ አዳራሽ ያለ ተጨማሪ ስፒከር ይበቃል፤ ሜዳ ላይ ለሚደገስ ሠርግ አይበቃም። አምራቹ በእሱ ምትክ ኤስኤክስ720ን ስላወጣ ያገለገለውን ዋጋ ለመከራከር ምክንያት ሆነኝ። ሻጩ ራሱ ሙዚቀኛ ነበር፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስጫን ሻይ አዘዘልኝና ጠበቀኝ። ከዕቁቡ ብር ዩፒኤስና ጠንካራ መያዣ ተገዝቶ ጥቂት ቆርቆሮ የሚገዛ ተረፈ። እማዬ ክረምቱ ሳይገባ በኩሽናው በኩል ያለውን ጣሪያ አስቀየረች።

ኤስኤክስ700 በባትሪ አይሠራም። ስለዚህ ያችን ትንሽ ኢ373 ልጄ እንድትማርባት አዲስ አበባ አምጣልኝ ብለው ወንድሜ አሻፈረኝ አለ። ባለፈው ወር ደወለልኝና ዱስ ሌላ ሥራ እንዳገኘ ነገረኝ። ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች፣ ከነቻርጀራቸው፣ በሚመጣ ሰው እንድልክለት ነው የፈለገው። ስድስት ነው ስለው አሥራ ሁለት አለኝ።